ይሄ ብልሽት ሳይሆን ቀጠሮ ነው

ሐምሌ 20 ጠዋት ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ በጋቢም የማይመለስበት፣ ሒሳብ ክፍል ደግሞ ያለቀውን የበጀት ዓመት ለመዝጋት ላይ ታች የሚልበት ሰሞን። የጋራ ፎልደሩ ጠፋ። ሄጄ ሳይ ፎልደሩን የያዘው ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ተዘግቷል። አስነሳሁት። ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ስልክ፦ «ኧረ ጠፋብን!»

ማሽኑ የመጣው ከቤቴ ነው። ጥምቀት እንዳለፈ 8 ጊጋ ራም ባላት ላፕቶፔ ላይ እንዲህ ያለ ማሽን የሚፈጥረውን ቨርቹዋልቦክስ ጭኜ፣ የዊንዶውስ ሰርቨርን የሙከራ ቅጂ እለማመድበት ነበር። 4 ጊጋ ስሰጠው ላፕቶፗ ታቃስታለች። ግን ለልምምድ እንደሱ ያለ የለም። ስናፕሾት፣ ማለትም ማሽኑ በዚያች ሰዓት ያለበትን ሁኔታ ቅጂ፣ ይዤ አበላሻለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ደግሜ አበላሻለሁ። ሚያዝያ ላይ የቢሮው አሮጌ ሰርቨር ዲስኩ ሞተ። «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ብዬ ያንኑ ማሽን ገልብጬ አመጣሁት። ዶሜኑም (የሠራተኛው መግቢያ ስምና ፈቃድ የሚተዳደርበት) ፋይሉም እሱ ላይ ሆነ። ሁለት ሳምንቱን ማን ቆጠረው?

ራም አንሶት ነው ብዬ ጨመርኩለት። የኮምፒውተሩን የእንቅልፍ ሴቲንግ አጠፋሁ። ወይ ፍንክች! እኩለ ቀን ሲቃረብ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው አንጋፋዋ የሒሳብ ሠራተኛ ጠሩኝ። በአሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጽፈዋል፦ 3:10፣ 4:16፣ 5:21።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ብልሽት ሳይሆን ቀጠሮ ነው።»

ልክ አንድ ሰዓት፣ ሲደመር እኔ ደረጃ ወጥቼ የማስነሳበት ደቂቃ። የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ የሚያሳየውን ኢቨንት ቪወርን ከፈትኩ። የፈቃዱ ጊዜ ስላለቀ በየሰዓቱ እየዘጋሁ ነው ይላል፣ በግልጽ። የሙከራ ቅጂው ዕድሜ 180 ቀን ነው። የጫንኩት ጥር 20። የእኛ ወር 30 ቀን ነውና ስድስት ወር ድፍን። በጣት የሚቆጠር ነገር!

ስናፕሾት መመለስ አማረኝ። ግን የሚያዝያው ስናፕሾት ውስጥ የሦስት ወር ሥራ የለም፤ እትዬ በሕይወት አይተውኝም። ሪአርም በሚባለው ትዕዛዝ ጊዜውን አራዘምኩና ሒሳቡ እስኪዘጋ ተነፈስን። እሱም ቢሆን ማስታገሻ ነው፤ የሙከራ ቅጂ ለቢሮ ሥራ አይፈቀድም። ፈቃድ ሲገዛ ቁልፉን አስገብቼ የምገላገል መስሎኝ ነበር። ዶሜን ኮንትሮለር የሆነ፣ ማለትም ዶሜኑን የሚያስተዳድር፣ የሙከራ ሰርቨር ግን እንዲያ አይለወጥም። ፈቃድ ያለው ሌላ ሰርቨር ተክዬ፣ ሁለተኛ ዶሜን ኮንትሮለር አድርጌ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ሰርቨር ብቻ የሚያዙትን አምስቱን የዶሜን ሚናዎች ወደሱ አዛውሬ ነው አሮጌውን ያሰናበትኩት። ሁለት ሌሊት ፈጀ፣ በዚያ ብርድ።

አሁን ቤት ያሉት ማሽኖቼ ስማቸው ላይ የሚያበቁበት ቀን አለ። ያቺን ደረሰኝ ለማስታወሻ እንዲሰጡኝ እትዬን ለምኜ ነበር። «ይሄማ ማስረጃ ነው» ብለው ፋይል ውስጥ አሰሯት።