በሬ ወለደ ቢሉት የሚያምን ከርነል፦ ቦርዳችንን ለሊኑክስ ያስተዋወቅኩበት መንገድ

የራሳችን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰ ዕለት ጽሑፉን ወደ ኮምፒውተሬ የሚያመጣውን ሲሪያል ገመድ ሰክቼ ኃይል ስሰጠው ቡትሎደሩ፣ ሊኑክስን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም፣ ወጉን በደንብ ጀመረ። ሚሞሪውን ቆጠረ፣ የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ከኤስዲ ካርዱ አነሳ፣ «ስታርቲንግ ከርነል» ብሎ ሦስት ነጥብ አስከተለ። ከዚያ በኋላ ጭጭ። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ካርዱን ደግሜ ጻፍኩ፤ ያው ጭጭ ነው። ከርነሉ ሞቷል ብዬ ግማሽ ቀን ሬሳ ስመረምር ዋልኩ። ለካ አልሞተም። ተነስቶ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ የተጠቃሚ ስም እየጠየቀ ነበር። የሚጠይቀው ግን በእኛ ቦርድ ላይ ሽቦ ባልወጣለት ሌላ የሲሪያል ወደብ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ለከርነሉ ሃርድዌሩን የሚገልጸውን ፋይል፣ ዲቫይስ ትሪውን (የዕቃዎች ዛፍ እንደማለት ነው)፣ የገለበጥኩት ከቺፑ አምራች የሙከራ ቦርድ ነበር። በዚያ ቦርድ ኮንሶሉ፣ መልእክት የሚወጣበት የሲሪያል ወደብ፣ ዩአርት 1 ነው፤ በእኛ ዩአርት 0። ቡትሎደሩ የራሱ ቅንብር ስላለው በትክክለኛው ወደብ አወራ፤ ከርነሉ ግን «ቾዝን» የሚባለው ኖድ (የፋይሉ አንድ ክፍል) ላይ የጻፍኩለትን አምኖ ሄደ። መልእክቱን ገና ከጅምሩ የሚያስወጣውን «ኧርሊኮን» የሚለውን የቡት አማራጭ ከነወደቡ አድራሻ ስጨምርለት ነው የመጀመሪያ መስመሮቹን ያየሁት።

ይህን ሥራ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኤስቢ ላይ ፍላሽ ስትሰኩ ዕቃው ራሱ መለያ ቁጥሩን ይናገራል፤ ካርዶች የሚሰኩበት ፒሲአይም እንደዚያው። አይቱሲ በሚባለው ባለሁለት ሽቦ መስመር ላይ የተበየደ የሙቀት ሴንሰር ግን ስሙን የሚናገርበት መንገድ የለውም። በአድራሻው ሲጠሩት «አለሁ» ይላል፤ ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ፒን ጋር እንደተገናኘ፣ ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ አይናገርም። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መጻፍ አለበት። ድሮ ይህ የሚጻፈው በሲ ቋንቋ ከርነሉ ውስጥ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቦርድ አንድ ፋይል። ኤአርኤም የሚባለውን የፕሮሰሰር ዓይነት የያዙ ቦርዶች ሲበዙ ፋይሎቹ ከርነሉን አጨናነቁት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በግልጽ አማረረ፤ ኤአርኤምም ሌላው የፕሮሰሰር ዓይነት ፓወርፒሲ ቀድሞ ይጠቀምበት ወደነበረው ዲቫይስ ትሪ ዞረ። ሐሳቡ ራሱ ከዚያም ይቀድማል፤ ሥሩ በ1994 አይትሪፕልኢ 1275 ተብሎ የወጣው የኦፕን ፈርምዌር ደንብ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በጽሑፍ ኖዶችንና በውስጣቸው ያሉትን ፕሮፐርቲዎች (ስምና ዋጋ) ትጽፋላችሁ፣ ዲቲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ወደ ባይነሪ ይቀይረዋል፣ ቡትሎደሩ ሚሞሪ ላይ ያስቀምጠውና አድራሻውን ለከርነሉ ይሰጣል። እንደ እኛው ባለ 32 ቢት ኤአርኤም ላይ አድራሻው የሚተላለፈው አር2 በሚባለው ሬጂስተር፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለች ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ፣ ነው። ከርነሉ ዛፉን ያነባል፣ «ኮምፓቲብል» የሚለውን ስም ዕቃዎቹን ከሚያሠሩት ፕሮግራሞች፣ ከድራይቨሮቹ፣ ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፣ የተገጣጠመውን ያስነሳል።

ችግሩ እዚህ ነው። ከርነሉ የምትነግሩትን ይቀበላል። በሬ ወለደ ብትሉት ጥጃውን ፍለጋ ይወጣል፤ ሳያገኝ ሲቀርም ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይነግራችሁም።

ከኮንሶሉ ቀጥሎ የገጠመኝ የሙቀት ሴንሰሩ ነው። ቦርዱን የነደፈው ባልደረባዬ የሰርኪዩቱ ንድፍ፣ ስኬማቲኩ፣ ላይ አድራሻውን በሄክሳ (በ16 መደብ ቁጥር) 90 ብሎ ጽፎታል፤ እኔም 90 ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ላይ ከርነሉ ደግ ነበር፤ በ7 ቢት ውስጥ የማይገባ አድራሻ ነው ብሎ በግልጽ አሳወቀኝ። 90 የንባብና የጽሕፈት ቢቱ የተጨመረበት ነው፤ አንድ ቢት ወደ ቀኝ ስትገፉት 48 ይሆናል፣ ዛፉ ላይ የሚጻፈውም እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ 40 ተብሎ ትክክለኛው 20 ቢሆን ኖሮ ግን 40ም ተገቢ አድራሻ ስለሆነ ከርነሉ ያለ ተቃውሞ ሄዶ የጎረቤት በር ያንኳኳ ነበር።

ሦስተኛው ኔትወርኩ ነበር። የኢተርኔት ቺፑ ጭራሽ አይታይም። ዛፉን ደጋግሜ አነበብኩ፣ የፒን ቁጥሩ ልክ ነው፣ የክሎክ መስመሩ ልክ ነው። ባልደረባዬን ጠራሁት። መልቲሜትሩን ይዞ መጣና ጫፉን የቺፑ ሪሴት ፒን (ቺፑን አስሮ የሚያቆየው ወይም የሚለቀው እግር) ላይ አሳረፈ።

«ዜሮ ቮልት። አንተ ልጅ፣ ይሄን ቺፕ አፍነህ ይዘኸው ነው እንዴ የምትፈልገው?»

«ሪሴቱን ለቅቄዋለሁ እኮ።»

«ስኬማቲኩ ላይ ስሙ ራስ ላይ ሰረዝ አለ አይደል? ዜሮ ሲሆን ነው የሚታሰረው።»

ፒኑን ስገልጽ የመጨረሻዋን ቁጥር 0 ብዬ ጽፌአት ነበር፤ ትርጉሟ «አንድ ሲሆን ይሠራል» ነው። መሆን የነበረባት 1 ነበረች፤ «ዜሮ ሲሆን ይሠራል»። ድራይቨሩ «ሪሴቱን ልቀቅ» ባለ ቁጥር ከርነሉ በታማኝነት ፒኑን ወደ ዜሮ ያወርዳል፣ ቺፑም ታስሮ ይቀራል። አንዲት አኃዝ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስኬማቲክ ሳነብ መጀመሪያ የማየው ስሞቹ ራስ ላይ ያለውን ሰረዝ ነው።

ከሁሉም የተማርኩበት ግን ኢንተራፕቱ፣ ዕቃው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት፣ ነው። ዋናው ቺፕ ሁለት የኤአርኤም ኮሮችን (የማስሊያ ክፍሎችን) ከኤፍፒጂኤ፣ ውስጡን ራሳችን ከምናዋቅረው ሰርኪዩት፣ ጋር የያዘ ነው፤ ኤፍፒጂኤው ውስጥ ፐልስ የሚቆጥር ብሎክ አለን። ቋቱ ሲሞላ ብሎኩ ኢንተራፕት ይልካል፣ እኔ የጻፍኩት ድራይቨር ያነባል። የቺፑ ማኑዋል ለዚያ መስመር የሰጠው ቁጥር 61 ነው። ዛፉ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋሉ፦ ዓይነቱ፣ ቁጥሩ፣ አቀሰቃቀሱ። 0፣ 61፣ 4 ብዬ ጻፍኩ፤ ለሁሉም ኮሮች የጋራ የሆነ፣ ቁጥር 61፣ መስመሩ ከፍ ባለ ጊዜ የሚቀሰቀስ።

ድራይቨሩ ተነሳ። ኢንተራፕቱን ጠየቀ፣ ተፈቀደለት። ስህተት የሚባል አንድ መስመር የለም። ውሂብ ግን አይመጣም፤ ጥበቃው ጊዜው አልፎ ይቋረጣል። ሁለት ቀን ሙሉ ኤፍፒጂኤውን ስወቅስ ቆየሁ። የኤፍፒጂኤ ኮዱን የጻፈችው ልጅ መስመሩ ከፍ ማለቱን በኦሲሎስኮፕ አሳየችኝ፤ ያኔም ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በመጨረሻ ከርነሉ ስለ ራሱ የሚናገርበት ፕሮክ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን የኢንተራፕት ሰንጠረዥ ከፈትኩ። የድራይቨሬ ስም አለ፣ በሁለቱም ኮሮች ቆጣሪው 0 ነው። ዓይኔን የያዘው ግን ከጎኑ ያለው የሃርድዌር ቁጥር ነው፦ 93። እኔ የትም ቦታ 93 ብዬ አልጻፍኩም። 93 ሲቀነስ 61፣ 32። እጄን በአፌ ጫንኩ። ጂአይሲ በሚባለው የኢንተራፕት መቆጣጠሪያ የመጀመሪያዎቹ 32 ቁጥሮች የኮሮቹ የግል ናቸው፤ ከ0 እስከ 15 ኮሮቹ እርስ በርስ የሚጠራሩባቸው፣ ከ16 እስከ 31 የየኮሩ የራሱ። የጋራዎቹ ከ32 ይጀምራሉ፤ ዛፉ ላይ የጋራ ነው ብላችሁ ዓይነቱን 0 ካደረጋችሁ ቁጥሩ እንደገና ከዜሮ ይቆጠራል። ማኑዋሉ 61 ካለ የሚጻፈው 29 ነው። 29 ብዬ አስነሳሁት፣ ቆጣሪው መሮጥ ጀመረ። ለኤፍፒጂኤዋ ልጅ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ።

በመካከል ደግሞ የሚያናድድ ነገር ነበር፤ የማስተካክለው ሁሉ ምንም ለውጥ የማያመጣበት አንድ ከሰዓት በኋላ። ኮምፓይል አደርጋለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ አስነሳለሁ፣ ያው ነው። ቡትሎደሩ ዛፉን የሚያነሳው እኔ ከምገለብጥበት ሳይሆን ከሌላ ፓርቲሽን ኖሯል። አሁን ዛፉን ከነካሁ መጀመሪያ «ሞዴል» የሚለውን ጽሑፍ እቀይራለሁ፤ ቦርዱ ሲነሳ ሎጉ መጀመሪያ ላይ አዲሱን ስም ካላየሁ ሌላ ነገር አልመረምርም። ከርነሉ በእጁ የያዘውን ዛፍ ፕሮክ ሥር «ዲቫይስ ትሪ» የሚል ፎልደር ውስጥ እንደ ፋይል ይዘረጋዋል፤ ዲቲሲም ያንን መልሶ ወደ ጽሑፍ ይቀይርላችኋል። እኔ ጻፍኩት ብዬ ከማስበው ይልቅ ያንን ነው የማምነው፤ ቡትሎደሩ ራሱ በመንገድ ላይ የሚሞሪውን መጠንና የኔትወርኩን መለያ፣ የማክ አድራሻውን፣ ሊጽፍበት ይችላልና።

የፊደል ስህተትም አለ። የአይቱሲውን ፍጥነት 400 ኪሎኸርዝ አድርጌ ጻፍኩ፣ ግን «ፍሪኩዌንሲ» ከሚለው ቃል አንድ ፊደል ዘልያለሁ። ዲቲሲ ዝም፣ ከርነሉ ዝም። ድራይቨሩ የሚያውቀውን ስም ሲያጣ በራሱ መነሻ 100 ኪሎኸርዝ ሄደ። ኦሲሎስኮፑ ላይ አንዱ ዑደት 2.5 ማይክሮሰከንድ መሆን ሲገባው 10 ሆኖ ባላይ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ይህን የሚይዝ መሣሪያ አለ፤ የከርነሉ ኮድ ውስጥ ያምል በሚባል የጽሑፍ ቅርጽ የተጻፉ ደንቦች አሉ፣ «ዲቲቢኤስ ቼክ» የሚለው የሜክ ትእዛዝ ዛፋችሁን ከነሱ ጋር ያመሳክራል። በመጀመሪያው ቀን ማሄድ ነበረብኝ። ሳሄደው አርባ ምናምን ማስጠንቀቂያ ተፋ፤ አብዛኛው ከገለበጥኩት ፋይል የመጣ ነው።

ለዚህም ነው የተገለበጠውን ጥዬ ከባዶ የጀመርኩት። የቺፑ አምራች ያዘጋጀው የጋራ ፋይል ሁሉንም ብሎኮች ይዘረዝራል፣ አብዛኞቹን ግን «ስታተስ» ላይ ዘግቶ ያስቀምጣቸዋል። የእኔ ፋይል እሱን ይጠራና ቦርዱ ላይ ያለውን ብቻ ይከፍታል። መጀመሪያ ኮንሶል፣ ከዚያ ኤስዲ ካርድ፣ ከዚያ አንድ በአንድ። በየመስመሩ አጠገብ የስኬማቲኩን ገጽ ቁጥር በኮሜንት ጻፍኩ፤ ገጽ ያላገኘሁለት መስመር አልገባም። አንድ ቀን የሴንሰሩን የንባብ ድግግሞሽም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሆነ ዛፉ ላይ ልጽፍ ስል የገመገመኝ ሰው አስቆመኝ፤ «ይሄ ብየዳው ላይ የት ነው ያለው?» አለኝ። ትክክል ነው፤ እሱ የፕሮግራሙ ጉዳይ እንጂ የቦርዱ አይደለም።

ሁለተኛው እትም ቦርድ ባለፈው ወር መጣ። ባልደረባዬ የሪሴቱን ፒን ሌላ ቦታ አዛውሮታል፣ ስኬማቲኩ ላይም በቀይ «ዜሮ ሲሆን ይሠራል» ብሎ ጽፎልኛል። የሴንሰሩንም አድራሻ 48 አድርጎታል። የኢንተራፕቱን ቁጥር ግን አሁንም እንደ ማኑዋሉ 61 ብሎ ነው የሚጽፈው፤ ነገርኩት፣ «የቺፑ ቁጥር እሱ ነው፣ ቅነሳው የአንተ ሥራ ነው» አለኝ። እኔም ቀንሼ 29 ብዬ ጻፍኩ፣ ሞዴሉን ቀየርኩ፣ አስነሳሁት።