ዓይኗ የት ነው?

የሠራተኛን ኑሮ የሚያሳይ ፊልም ከአፍ ይልቅ በእጅ ይዋሻል። የልብስ ሰፊ ሆና የምትተውን ሴት ዓይኗን መርፌው ላይ ትተክላለች። ሥራውን የለመደች ሰፊ ግን መርፌውን አታይም፤ የምታየው የጨርቁን ጠርዝ ነው። ጨርቁን የሚጫነውን የስፌት መኪናውን እግር በጉልበቷ ታነሳለች፤ እጇ ደግሞ ሳታየው ወደሚቀጥለው ቁራጭ ይሄዳል። ይህ በአንድ ቀን ልምምድ አይመጣም።

ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 «የብስክሌት ሌቦች» በተባለው ፊልሙ ላይ መሪውን ሚና የሰጠው ለፋብሪካ ሠራተኛው ላምቤርቶ ማጆራኒ ነበር። ተዋናይ ያልሆነ ሰው ችግሩ ሌላ ነው፤ አንድን ትዕይንት አራት አምስት ጊዜ ሲደግም ይደርቃል። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ኬን ሎች ታሪኩን በቅደም ተከተሉ ይቀርጽ፣ ጽሑፉንም ቆራርጦ ይሰጥ የነበረው ለዚህ ነው፤ የሚመጣውን የማያውቅ ሰው መደንገጥን አይተውነውም፣ ይደነግጣል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፦ ወደ አንድ ቦታ ሦስቴ መመለስ፣ ቦታውንም እንደነበረ ማቆየት ግድ ይላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ድምፅ ነው። የስፌት መኪኖቹ እየሠሩ ከተቀረጸ ንግግሩ ይጠፋል፤ ከጠፉ ደግሞ ሰዎቹ መኝታ ቤት ያሉ ይመስል ያንሾካሽካሉ። ስለዚህ መጀመሪያ መኪኖቹ ተነሥተው ልምምድ ይደረጋል፤ ጩኸቱ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ይጠፉና ወዲያው ይቀረጻል። የመኪናው ድምፅ ለብቻው፣ ከቅርብም ከሩቅም፣ ቢያንስ አንድ አንድ ደቂቃ ይወሰዳል። ይህን ደቂቃ ለድምፅ ባለሙያው የሚነፍግ ዳይሬክተር ቅንብር ላይ ይከፍላል።

ካሜራው ራቅ ብሎ ከሩቅ በሚያቀርብ የ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢያይ ሠራተኛው ይረሳዋል፤ ምስሉ እንዳይደበዝዝ የሌንሱን ትኩረት መጠበቅ ግን ይከብዳል። መብራቱም ይታሰብ። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር የፋብሪካ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ (መዝጊያው) 1/50 ሰከንድ ካልሆነና 1/60 ላይ ከተተወ ምስሉ ላይ ጥቁር ሰንበር ሊሄድ ይችላል።

አዲስ ቱታ በማጠብ ብቻ አያረጅም፤ ጉልበቱ፣ ክርኑና የኪሱ አፍ በአሸዋ ወረቀት ይፈተጋል።

የተሰፋውም ክምር ከየቀረጻው በኋላ ይቆጠር። አሥራ ሁለት የነበረው በሚቀጥለው ምስል ስምንት ሆኖ ቢገኝ ተመልካቹ ሁሉ አያየውም፤ ሰፊዎች ግን ያዩታል።