ሦስቱ አበባዎች

ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የጋሼ በረንዳ። መብራት የለም። የኛ መብራት የሚጠፋው ቬንትሌተሩ ልብ ገዝቶ መዞር ሲጀምር ነው። ሂሳቡ ግን አንድም ወር ጠፍቶ አያውቅም። ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እንለፈው።

ብሪጅ እየተጫወትን ነው፣ ሁለት ለሁለት ተቧድነው የሚጫወቱትን ካርታ። ያስተማሩኝም፣ ከኔ ጋር የተቧደኑትም ጋሼ ናቸው፣ የባቡር ጡረተኛው። ሦስት ኖትራምፕ፣ ማለትም ሌላውን የሚገዛ ምልክት የሌለበት ጨዋታ፣ ብዬ ጨረታውን ወሰድኩ። ከ13 ዙር 9 መብላት አለብኝ ማለት ነው። የጋሼ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ከዚህ በኋላ የሁለታችንንም እጅ የምጫወተው እኔ ነኝ። እሳቸው ያልኳቸውን ከመጣል በቀር ትንፍሽ ማለት የለም። ፈረንሳዮቹ እንዲህ ያለውን ሰው ‹‹ለ ሞር›› ይሉታል፤ ሟቹ።

የሟቹ እጅ ያምራል። የጦር አስ ከአንድ ተራ ጦር ጋር፣ ከዚያ አምስት አበባ፤ ኬ፣ ኪው፣ ጄ፣ 10 እና 4። እኔ ጋ የጦር ኬ፣ የልብ አስና ኬ፣ የዳይመንድ አስ፣ ሁለት ተራ አበባ። ቁጭ ብሎ ለሚቆጥር ሰው አምስት ዙር እጁ ላይ ነው፣ አራት ከአበባ ይመጣል። ልክክ!

ማን ቁጭ ብሎ ይቆጥራል? መጀመሪያ ጦር ተጣለ። እኔ ኮንከር ያሳደገኝ ሰው ነኝ፣ አስ ካየሁ አላርፍም። ‹‹አስ!›› አልኩ።

ጋሼ አሱን አነሱት። አልጣሉትም። አየር ላይ ቆየ። ምን ያህል ቆየ? ሻይ ተጥዶ ይፈላል። ባቡር ከጅቡቲ ይገባል፣ ጭነቱ ይራገፋል፣ ኮንትሮባንዱ ይፈተሻል። የግራ ቅንድባቸው ብቻዋን ተነስታ ለገሀር ደርሳ ተመለሰች። እኔ ሙቀቱ ነው ብዬ!

ጣሉት።

አበባ ጀመርኩ። ኬ በላ። ኪው ሲወርድ የአበባውን አስ አድፍጦ የያዘው ሰውዬ ብቅ አደረገውና በላ። እኔ ጋ አበባ አለቀ። ጄ፣ 10 እና 4 ጠረጴዛው ላይ ተጋድመው ያዩኛል። ማንም አይችላቸውም። ግን ከኔ እጅ ወደ ሟቹ እጅ በምን ልሻገር? መሻገሪያው ያ የጦር አስ ነበር። መጀመሪያውን ዙር በራሴ ኬ ብበላው ምን ነበረበት! እኔ መጋላ ሰፈር፣ አበባዎቹ ከዚራ፣ መሃላችን የደቻቱ ወንዝ። ብሪጅ ልጫወት ተቀምጬ ድልድዩን አፈረስኩት።

6 ዙር። ሦስት ጎደለ። ተቃራኒዎቻችን ሳቃቸውን በባጊያ አፈኑት፤ አንደኛው ትን አለው፣ እሰይ።

ጨዋታው ካለቀ ሟች መናገር ይፈቀድለታል። ጋሼ ግን እንደሞቱ ቀሩ። ቢሰድቡኝ እኮ ይሻለኝ ነበር!

ሲመሽ እስከ ደቻቱ ድልድይ ሸኙኝ። ቆም አሉና አስፋልቱን በከዘራቸው ሁለቴ መታ መታ አደረጉት።

‹‹አቦ፣ ይሄንን እንኳ ተውልን።››