ኬት ብላንሼት የቆመችባቸውን መድረኮች ፍለጋ

ከሜልበርን ሲድኒ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። እኔ ግን የሌሊቱን ባቡር መረጥኩ። ፈቃዴ ሦስት ቀን ብቻ ነበር፤ ባቡሩ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ጓደኞቼ ፉትስክሬይ በሚባለው የሜልበርን ሰፈር ቡና እየጠጣን "ለምን?" አሉኝ። አንዲት ተዋናይት የሠራችባቸውን መድረኮች ለማየት ነው የምሄደው ስላቸው ደግሞ ይበልጥ ገረማቸው።

ኬት ብላንሼትን ብዙ ሰው የሚያውቃት በፊልም ነው። እኔም እንደዛው ነበርኩ። በኋላ አንድ ነገር ሰማሁ። በዓለም ላይ ትልቅ ስም ባላት ሰዓት፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ አገሯ አውስትራሊያ ተመልሳ ከባሏ ከአንድሪው አፕተን ጋር ሲድኒ ትያትር ካምፓኒን መምራት ጀመረች። ያውም ለአንድ ሰሞን አይደለም፣ እስከ 2013 ድረስ። አዲስ አበባ አንዲት አብሮ አደጌ አለች። መድረክ ላይ ስትቆም ያየ አይረሳትም ነበር። አሁን የምትሠራው የቴሌቪዥን ድራማ ብቻ ነው። "መድረክ እንጀራ አይሆንም" ትለኛለች። እሷን ሳስብ የኬት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ከመሳፈሬ በፊት ጠዋት አይቫንሆ ደርሼ መጣሁ። በከተማው ባቡር ከመሐል ሜልበርን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ዛፍ የሞላበት ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። ኬት በ1969 ተወልዳ ያደገችው እዚህ ነው። አባቷ የቴክሳስ ሰው ነበር። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሲያገለግል መርከቡ ሜልበርን ላይ ተበላሽታ ነው ከእናቷ ጋር የተዋወቁት። አሥር ዓመት ሲሆናት በልብ ሕመም ሞተ። እናቷ ሦስት ልጆች ብቻዋን አሳደገች። እኔ በዞርኩበት መንገድ ሁሉ ስሟን የያዘ ነገር አላየሁም። ከአንድ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ትንሽ ቁጭ ብዬ ተመለስኩ።

ሌሊቱ ከባድ ነበር። ወንበሩ በደንብ ወደ ኋላ አይልም። ማቀዝቀዣው ባቡሩን ክረምት አስመስሎታል። ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ያለ ጆሮ ማዳመጫ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያያል። ዙሪያውን አየሁ። ሁሉም ነቅቷል፣ ሁሉም ተናድዷል፣ የሚናገር ግን የለም። አገር ቤት የደሴ አውቶቡስ ላይ ቢሆን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ "ወንድሜ፣ እባክህ ቀንሰው" ብሎ ነገሩ ያልቅ ነበር። ተነስቼ እኔው ነገርኩት። ልጁ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝና ወዲያው ዘጋው። ሌሎቹ ለምን አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብለው ለመሰቃየት እንደቆረጡ እስካሁን አልገባኝም። ከዚያ በኋላ አልበሪ የምትባለውን ከተማ ያየሁ ይመስለኛል፣ የቀረውን አላስታውስም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል ሲድኒ ደረስን። ሻንጣዬ ከባድ ስለነበር ታክሲ ያዝኩ። ሜትሩን አላበራም፣ እኔም ድካሙ ይዞኝ ልብ አላልኩም። ስንደርስ "45 ዶላር" አለ። በኋላ ስጠይቅ መንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አሉኝ። ቀኑን ሙሉ እንደ እሾህ ወጋኝ። በመልሱ በእግሬ ሄድኩ።

ዋልሽ ቤይ ግን ሁሉን አስረሳኝ። ከትልቁ ድልድይ አጠገብ ወደ ባሕሩ የገቡ ረጃጅም የእንጨት ወደቦች አሉ። ድሮ ጭነት የሚራገፍባቸው ነበሩ። ከ1984 ጀምሮ አንደኛው የሲድኒ ትያትር ካምፓኒ ቤት ነው። ወለሉ እንጨት ነው፣ ምሰሶውም እንጨት ነው። በመስኮቱ ጀልባ ሲያልፍ ይታያል። የብሔራዊ ትያትርን አዳራሽ እያሰብኩ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ ትልቅ ትያትር ቤት ማለት ለኔ ቀይ መጋረጃና ከፍ ያለ ጣሪያ ነው። እዚህ ግን መጋዘን ነው የገባሁት። ወደድኩት።

መግቢያው ላይ ቲኬት የሚያዩ አንዲት አረጋዊት ሴት ነበሩ። ትያትሩ ማታ ነው አሉኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ሻይም አመጡልኝ። በ2009 ከመንገዱ ማዶ ባለው ትልቁ አዳራሽ "ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር"ን ሁለቴ አይተዋል። አዘጋጇ ኖርዌያዊቷ ሊቭ ኡልማን ነበረች፤ ኬት ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ብላንሽን ሆና ተጫወተች። አንድ ቀን ማታ አብሯት የሚጫወተው ሰው የወረወረው ራዲዮ ራሷን መታት፣ ደማች፣ ትያትሩም ተቋረጠ። ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ መድረኩ ላይ ቆመች። ሴትዮዋ ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ነበር። "መጨረሻ ላይ ስትወጣ ቆዳዋ ያለቀ ይመስል ነበር፤ ማጨብጨብ ከበደኝ" አሉኝ። ያ ትያትር በኋላ ዋሽንግተንና ኒው ዮርክ ድረስ ሄዷል።

ኬት የትያትር ቤቱን ኃላፊነት ስትይዝ ያጉረመረመ ሰው ነበር። የፊልም ኮከብ ትያትር ቤት መምራት ምን ታውቃለች የሚል። እኔ ግን ሥራዋን ሳየው ስሟን ለማስመዝገብ ብቻ የመጣች ሰው አትመስልም። የወደቡ ጣሪያ ላይ 1,906 የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች አስተከሉ። የዝናብ ውኃም እየሰበሰቡ መጠቀም ጀመሩ። ስለ ጣሪያና ስለ ውኃ የሚጨነቅ ሰው ለመቆየት የመጣ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ ኬንሲንግተን ሄጄ የተማረችበትን ብሔራዊ የድራማ ተቋም ከውጭ አየሁት። መጀመሪያ ሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስና ሥነ ጥበብ ጀምራ ነበር። አቋርጣ ልትዞር ወጣች። ግብፅ ሳለች አንድ የቦክስ ፊልም ላይ ከተመልካቹ መሐል ሆና ታይታለች። ከዚያ ተመልሳ እዚህ ገባች፤ በ1992 ተመረቀች። በዓመቱ ከጄፍሪ ረሽ ጋር "ኦሊያና"ን ሠራች። ሁለት ሰው ብቻ የሚጫወተው ትያትር ነው። መደበቂያ የለውም።

ልቤ የቀረው ግን ቤልቮር የሚባለው ትያትር ቤት ላይ ነው። ሰሪ ሂልስ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ቤቱ ድሮ የቲማቲም ስጎ ፋብሪካ ነበር። በ1984 ሊሸጥ ሲል ከ600 በላይ ትያትር ወዳድ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ገዙት። ይህንን ሳነብ ዕቁብና ዕድር ትዝ አለኝ። ሰው ለቀብር እንደሚያዋጣ ለመድረክም ያዋጣል ማለት ነው! በ1994 ኬት እዚህ "ሃምሌት" ላይ ኦፊሊያን ሆነች። የላይኛው አዳራሽ ከ300 ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው የሚይዘው። መድረኩ ጥግ ላይ ነው። የፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የተዋናዩን ትንፋሽ ይሰማል። በ1999 በእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሚና ለኦስካር ታጨች። ከዚያም በ2005 ካትሪን ሄፕበርንን ሆና በረዳት ተዋናይነት፣ በ2014 ደግሞ በመሪ ተዋናይነት አሸነፈች። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሐውልቱ ነው። እኔ ግን እዚያ ጥግ ያለ መድረክ ላይ ነው የተሠራችው ብዬ አምናለሁ። በፊልም ውስጥ ዝም ስትል እንኳ የምትሰማው ለዚህ ነው።

ማታ ወደቡ ላይ ትያትር አየሁ። ቲኬቱ 69 ዶላር ነበር። አንድም ባዶ ወንበር አላየሁም። ጠዋት ሻይ ያጠጡኝ ሴት ከሩቅ እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

በማግስቱ የቀኑን ባቡር ይዤ ተመለስኩ። ዋጋ ዋጋ የምትባል ከተማ አካባቢ ስልኩ ሲይዝ ለአብሮ አደጌ ደወልኩላት። ስለ ወደቡ፣ ስለ ስጎ ፋብሪካው፣ ስለ ራዲዮው ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ።

"ቲኬቱ ስንት ነበር?" አለች በመጨረሻ።

ነገርኳት።

"እና ሰው ገባ?"

"ሞልቶ ነበር" አልኳት።

ብዙ ቆየች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ፣ "እስቲ ያቺን ኦፊሊያ የሆነችበትን ቤት እንደገና ንገሪኝ" አለችኝ።