የአክስቴ አርባ እና የልጇ የስንብት ወረቀት

በዚህ ክረምት ከሥራ መልስ ያለኝን ጊዜ ሁሉ የወሰደብኝ፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለው የአክስቴ ልጅ የስንብቱ ዓይነት እንዲሻሻልለት ለሚያቀርበው ማመልከቻ ጎንደር ያሉትን ማስረጃዎች ማሰባሰብ ነበር። ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ቢመስልም፣ ጥፋቱ፣ ማለትም ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ወደ ጦር ሰፈሩ ሳይመለስ መቅረቱ፣ የተፈጸመው አዘዞ፣ በእናቱ ቤት፣ ሁላችንም ባለንበት ስለሆነ ከእኛ ሌላ ምስክር የለውም።

አክስቴ ያረፈችው ሐምሌ 12 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ልጇ ፈቃድ ወስዶ መጥቶ በሕይወት ደርሶባታል፤ ፈቃዱ ግን ሐምሌ 22 ያበቃ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች «የእናቱን ተዝካር ሳያወጣ የት ይሄዳል?» አሉ፤ እኔም አብሬያቸው እንዲሁ ብያለሁ። አርባዋን አውጥቶ ነሐሴ 27 ወደ ጦር ሰፈሩ በገዛ እግሩ ሲመለስ ያለፈቃድ የቀረበት ጊዜ 34 ቀን ሆኖ ነበር፤ በዚያ ጦር አሠራር ደግሞ ከ30 ቀን በላይ የቀረ ወታደር እንደ ከዳ ይመዘገባል።

የአሜሪካ ቀይ መስቀል በወታደሩ ቤተሰብ ላይ ሞት ወይም ጽኑ ሕመም ሲደርስ ነገሩን አጣርቶ ለአዛዡ የሚያሳውቅበት አገልግሎት ስላለው፣ አንድ ስልክ ቢደወል ፈቃዱ ሊራዘም ይችል ነበር። እኛ ይህን አናውቅም፤ እሱ ግን ያውቅ ነበር። ለምን እንዳልደወለ ስጠይቀው «እንቢ ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ» አለኝ፤ ይህን አሳምሬ ላቀርበው አልፈልግም።

ጉዳዩ ወደ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ከሚሄድ ብሎ በራሱ ጥያቄ ተሰናበተ፤ ‹ዲዲ 214› በሚባለው የስንብት ወረቀቱ ላይም አገልግሎቱ «ከክብር ውጭ በሆነ ሁኔታ» መፈጸሙ ተጻፈ። ይህ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ከሚሰጡት የስንብት ዓይነቶች ዝቅተኛው ነው። በክብር ለተሰናበተ ወታደር የሚከፈለው የትምህርት ድጎማ በዚሁ ቀርቷል። ከዚያ የሚከፋው ግን ዜግነቱን ያገኘው በዚያው አገልግሎት መሆኑ ነው፤ 5 ዓመት በክብር ሳያገለግል እንዲህ የተሰናበተ ሰው ዜግነቱ ሊሻርበት እንደሚችል ሕጉ ይናገራል።

ማመልከቻው ‹ዲዲ 293› በተባለ ቅጽ፣ ከስንብቱ ቀን አንሥቶ 15 ዓመት ሳያልፍ፣ ለስንብት ገምጋሚ ቦርድ ይቀርባል። ቦርዱ የሚመረምረው ሁለት ነገር ነው፤ ስንብቱ ደንቡን ተከትሏል ወይ፣ ፍትሐዊስ ነበር ወይ። ደንቡ አልተጣሰም፤ የእኛ ክርክር በሁለተኛው ላይ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ መከላከያ መሥሪያ ቤት ለእነዚህ ቦርዶች ያወጣው መመሪያ፣ አመልካቹ ጥፋቱን አምኖ መቀበሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለፈው ጊዜና ስለ ጠባዩ የተጻፉ ደብዳቤዎች ከግምት እንዲገቡ ይፈቅዳል። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ የላከልኝ ጽሑፍ ግን ሦስት ገጽ ሙሉ ልመና ነበር፤ ለቅሶውን እንዲያወጣና ቀኖቹን እንዲያስገባ ነገርኩት፤ ተቀይሞኝ ሳምንት ያህል አልደወለም።

ቀኖቹ ራሳቸው ሌላ ጣጣ አመጡ። የሞት ማስረጃውን እንዲተረጉም የሰጠነው ሰው «2009»ን እንዳለ ገልብጦት ስለነበር፣ በእንግሊዝኛው ቅጂ አክስቴ የሞተችው ልጇ ሊቀብራት ከመምጣቱ ስምንት ዓመት አስቀድሞ ሆነ። ወረቀቱ እንዲሁ ቢሄድ ኖሮ ቦርዱ የሚያየው የእናቱን ሞት ሰበብ ያደረገ ውሸታም ነበር። ሐምሌ 12 ቀን 2009 በእነሱ አቆጣጠር ጁላይ 19 ቀን 2017 መሆኑን አስረድተን እንደገና አሠራነው፤ ማኅተሙም ድጋሚ ተከፈለበት።

ከሰበሰብኳቸው ሁሉ የምተማመንበት ግን የእድሩ መዝገብ ነው። ጋሼ፣ የእድራችን ጸሐፊ፣ ጠርዙ የተበላ ሰፊ ደብተራቸውን ከሣጥን አውጥተው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ ጣታቸውን እያራሱ ገጾቹን ሲገልጡ ቆይተው አገኙት። የሟች ስም፣ የቀብሩ ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የወጣው ድንኳን በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል፤ ከጎኑም በሌላ እስክሪብቶ «ልጇ ከውጭ አገር መጥቶ ቀብሯታል፤ ድንኳኑ ለአርባዋ ድጋሚ ተሰጥቷል» የሚል አለ።

እኔም የራሴን ደብዳቤ ጽፌ፣ «አትሂድ፣ ቅር» ካሉት ሰዎች አንዱ መሆኔን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስቀምጫለሁ። የአክስቴ ልጅ ይህን እንዳወጣው ለመነኝ፤ ዘመድ ያሳሳተው ሕፃን መምሰል አልፈለገም። አላወጣሁትም፤ ብቻ «ውሳኔው የራሱ ነበር» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩበት። ተርጓሚው የመዝገቡን የጎን ጽሑፍ ይተርጉመው ወይስ ይለፈው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ድንኳኑንም ጭምር ተርጉመው አልኩት። ፖስታው ባለፈው ማክሰኞ ተልኳል።