ውል ያስቀረው ድምፅ

ሰሞኑን ማታ ማታ የማደምጠው አሜሪካዊቷ የጃዝ ድምፃዊት ቢሊ ሆሊዴይ እ.ኤ.አ. በ1937 ከካውንት ቤዚ ባንድ ጋር ያዜመቻቸውን ዘፈኖች ነው። ሦስት ብቻ ናቸው። ለአንድ ዓመት ያህል ከባንዱ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረች የዘፈነች ድምፃዊት አንድም ሸክላ አብራው ሳታስቀርጽ መለየቷን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ምክንያቱ የውል ጉዳይ ነበር፤ ቤዚ ለዴካ፣ እርሷ ደግሞ ለሌላ ሸክላ አሳታሚ የፈረሙ በመሆናቸው አንድ ስቱዲዮ ውስጥ አብረው መግባት አልቻሉም። የቤዚ ውል በዓመት 24 ዘፈን በ750 ዶላር የሚያስቀርጽና ከሽያጩ ምንም ድርሻ የማያስገኝ ነበር። (ቁጥሩን ተሳስቼ ያነበብኩ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።)

የተረፉልን ሦስቱ ከሬዲዮ ሥርጭት የተቀዱ ናቸው፤ ሁለቱ ጁን 30 ቀን በሃርለም ከሚገኘው የሳቮይ ዳንስ አዳራሽ፣ አንዱ ኖቬምበር 3 ቀን ከኒው ጀርሲው ሜዶውብሩክ አዳራሽ። ድምፁ የደበዘዘ ቢሆንም፣ የ22 ዓመቷ ወጣት የማትቸኩል መሆኗ በግልጽ ይሰማል። ቃሉን ከምቱ ጥቂት አዘግይታ ትጥለዋለች፤ የዘገየችውንም ስንኙ ሊያልቅ ሲል ታካክሰዋለች። ይህን ያለ ስጋት ልታደርግ የቻለችው የፍሬዲ ግሪን ጊታር፣ የዋልተር ፔጅ ቤዝና የጆ ጆንስ ከበሮ ከሥሯ ሳያዛንፉ ስለሚጓዙ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 25 ቀን፣ ገና ባንዱን ሳትቀላቀል፣ ከእነዚሁ ሰዎች ጥቂቶቹና ሳክስፎን ከሚጫወተው ሌስተር ያንግ ጋር በፒያኖ ተጫዋቹ ቴዲ ዊልሰን አነስተኛ ቡድን ውስጥ ሸክላ አስቀርጻለች፤ ውሉ የሚከለክለው ባንዱን እንጂ ሙዚቀኞቹን በግል አልነበረምና። ለዓመታት ለእርሷ የሚስማማት እንዲህ ያለው ትንሽ ቡድን ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን ግን የትራምፔቶቹና የትሮምቦኖቹ ረድፍ ከኋላዋ ሲነሳ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ በላዩ ማለፏን ከሰማሁ በኋላ እምነቴ ተናግቷል።

በቀጣዩ ዓመት ወደ አርቲ ሾው ባንድ ተዛወረች፤ በዚያም በጁላይ 24 ቀን 1938 ያስቀረጸችው አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ትናንት ማታ አራቱንም በተከታታይ አደመጥኳቸው፤ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞሉም።