የተያዘልኝ ወንበር

ትናንት ማታ የፈረንሳዊውን ደራሲ የቪክቶር ሁጎን መጽሐፍ፣ በ1831 እ.ኤ.አ. የታተመውን፣ በፓሪሱ የኖትርዳም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተጻፈውን ልብ ወለድ፣ ከተማሪነቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ገልጬ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ካሲሞዶ በአደባባይ ታስሮ የሚገረፍበት ቦታ ስደርስ ማንበቤን ተውሁ። ስሙን ያገኘው በዳግማ ትንሣኤ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጥሎ በመገኘቱ እንደሆነ ረስቼው ኖሯል፤ ፈረንሳዮች ያን እሑድ በዚሁ ስም ይጠሩታልና። ጀርባው የጎበጠ፣ አንድ ዓይኑ በኪንታሮት የተሸፈነ፣ ጆሮውም ራሱ በሚደውላቸው ደወሎች የደነቆረ ሰው ነው። የፈረደበት ዳኛም መስማት የተሳነው ነበር፤ ሁጎ እዚህ ላይ እያሳቀ ያሳምማል።

ውሃ እያለ ሲጮኽ ሕዝቡ ይስቅበታል። ያሳደገው ካህን እንኳ በበቅሎ መጥቶ ካየው በኋላ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ወደ እሱ የምትወጣው ኤስሜራልዳ ናት፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ሊጠልፋት የሞከረው፣ የመገረፉም ምክንያት የሆነችው ልጅ። ከመታጠቂያዋ ቅሏን ፈትታ ወደ ደረቀው አፉ ስታስጠጋለት እሱ መጠጣቱን ይረሳና አንዲት እንባ ቀስ ብላ ከዓይኑ ትወርዳለች፤ ልጅቱም ትዕግሥቷ አልቆ የቅሉን አፍ ወደ ጥርሱ ትገፋዋለች። ያች ትንሽ መቻኮል ባትኖር ኖሮ ታሪኩን ስብከት ብዬ አልፈው ነበር።

ተማሪ ሳለሁ ርኅራኄና ፍቅር አንድ ይመስሉኝ ነበር። አሁን የገረመኝ ግን፣ ካሲሞዶ ከስቅላት አድኗት በቤተ ክርስቲያኑ ካስጠለላት በኋላም ኤስሜራልዳ ፊቱን ማየት አለመቻሏ ነው። አንድ ቀን መስኮቷ ላይ ሁለት የአበባ ዕቃ ታገኛለች፤ አንዱ የሚያምር ነገር ግን የተሰነጠቀ ብርጭቆ፣ ውሃው ፈስሶ አበባው የጠወለገበት፣ ሌላው ተራ ሸክላ፣ ውሃው ሙሉ፣ አበባውም ትኩስ። ልቧ መልከ መልካሙ መኮንን ፌቡስ ዘንድ ነውና የጠወለገውን አንስታ ቀኑን ሙሉ ደረቷ ላይ ይዛው ትውላለች።

እኛ አንባቢዎች ካሲሞዶን የምንወደው ከእሷ ስለምንሻል አይመስለኝም። ወረቀት ፊት የለውም፤ ሁጎ መልኩን ምንም ያህል ቢዘረዝርልን ዓይናችንን የምንሰብርለት ሰው ፊታችን አይቆምም፤ ስለዚህም እንባው ሳይከለል ይታየናል።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ግማሽ ፊታቸው በእሳት የተቃጠለ የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። ፈተና ሲደርስ መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር ኮፍያቸውን አኑረው ይይዙልኝና «ልጄ፣ ቦታሽን አላስነካሁም» ይሉኝ ነበር። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ስል የማየው የካፖርታቸውን ቁልፍ ነበር። ይህን መጽሐፍ መጀመሪያ ያነበብሁት፣ ለካሲሞዶም ያለቀስሁት በዚያ ወንበር ላይ ነው። ትናንት ማታ ፊታቸውን ላስታውስ ብዬ ብዙ ሞከርሁ። ቁልፎቹ ቡናማ ነበሩ፤ ከላይ ሁለተኛው በጥቁር ክር የተተከለ።